ከባለ ባትሪው ኖኪያ እስከ ተች፦ ማኅበራችን ስልክ የመረጠበት ታሪክ

ባለፈው ክረምት የማኅበራችን ስልክ ተበላሸ። ቀፎው የጸሐፊያችን የግሏ ነበር። «የማኅበሩ ስልክ» እያልን የምንጠራው ብድራችን ሁሉ እሱ ውስጥ ስለነበረ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወረቀቱን ደብተር «ዘመናዊ እንሁን» ብለን ትተን፣ ማን ስንት እንደተበደረች፣ ማን ስንት እንደመለሰች በስልክ መመዝገብ ጀምረን ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ውስጥ ወደቀ፤ ደረቀ፤ ተከፈተ፤ በሳምንቱ ደግሞ ጭራሽ አልከፈት አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አይቶ «ውስጡ ያለውን ማውጣት አይቻልም» አለን።

ቀጥሎ የመጣውን ከማኅበሩ ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች እንድታውቁት እንፈልጋለን። አንዲት እኅታችን 600 ብር መልሻለሁ አለች፤ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ አላስታውስም አለች። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። ለሦስት ሳምንት እኅታችን ስብሰባ አልመጣችም። ቤቷ ሄደን ቡና አፍልተን አስታረቅን፤ ገንዘቡም እንደተከፈለ ተቆጥሮ አለፈ። ግን አሥር ብር ከአሥር ብር ስንሰበስብ የኖርነው እርስ በርስ በመተማመን ነው፤ በአንድ ቀፎ ምክንያት ያ መተማመን ሲነቃነቅ አየን። ስለዚህ አዲስ ስልክ ለመግዛት ስንቀመጥ ነገሩ የገበያ ጉዳይ ብቻ አልሆነልንም። አራት ስብሰባ ፈጀብን። ክርክሩም በየጊዜው ወደ ኋላ እየሄደ፣ እያንዳንዳችን የመጀመሪያ ስልካችንን እያነሳን ስናወራ እናመሽ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወሬ የተሰበሰበ ነው።

የስልክ ታሪክ በሀገራችን ሲጻፍ ሁልጊዜ ከአፄ ምኒልክ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር አዲስ አበባ የሚዘረጋው መስመር ሥራ ተጀመረ፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን የእኛ እናቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሉም። ስልክ የቤተ መንግሥት፣ የቢሮ፣ ቢበዛ የአንድ ሀብታም ቤት ሳሎን ዕቃ ነበር፤ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ፣ አንዳንዱም መደወያው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት። ለእናቶቻችን መርዶ የሚመጣው በዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበር፤ የሩቅ ዘመድ ወሬም ከአውቶቡስ በሚወርድ ሰው እጅ በተላከ ደብዳቤ። ደብዳቤውን ደግሞ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። በዕድሜ ትልቋ አባላችን «ምሥጢሬን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀው ነበር» ይላሉ፤ እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ግን ሳቁ ግማሽ ነው።

እኚሁ አባላችን ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ልጅ አዝለው፣ ማታ ማታ፣ በፋኖስ። ይህን የምናነሳው በኋላ ስልክ ስንመርጥ ትልቁ ጥያቄ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው፤ እማማ የአማርኛ ፊደል ያነባሉ፣ የፈረንጁን ግን አያነቡም።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ቀፎ መያዝ ማለት መኪና እንደመያዝ ነበር። ከቀፎው ይልቅ ሲም ካርዱ ነበር ብርቁ፤ ሰው ተመዝግቦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ደጅ ጠንቶ ነበር የሚያገኘው። ከእኛ መካከል የመጀመሪያዋ ባለሞባይል ልብስ ሰፊዋ አባላችን ናት፤ እሷም የገዛችው ዕቁብ ወጥቶላት ነው። ባሏ «የስፌት መኪናሽን አታሳድሺም ወይ» ብሎ እንደተቆጣ ታስታውሳለች። በስድስት ወሩ ግን ደንበኞቿ እየደወሉ ማዘዝ ጀመሩ፤ እሱም ቀፎውን እየተዋሰ ይወጣ ጀመር።

በዚያ ዘመን የስልክ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ኖኪያ ነበረ፣ ሌላም ነበረ፤ ሰው ሁሉ ግን ኖኪያ ይል ነበር። ከሁሉም በላይ የምናስታውሰው 1100ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በዓለም ላይ 250 ሚሊዮን ያህል የተሸጠ ቀፎ ነው። በእኛ ሰፈር ስሙ «ባለ ባትሪው» ነበር፤ አናቱ ላይ የምታበራ ትንሽ መብራት ነበረችውና። መብራት በጠፋ ቁጥር በዚያች ብርሃን እንጀራ የጋገርን፣ ምጥ የያዛት ሴት ይዘን በጭቃ መንገድ ወደ ጤና ጣቢያ የሄድን አለን። ቁልፎቹ አቧራ እንዳይገባባቸው በአንድ ጎማ ተሸፍነው ነበር፤ ዱቄት በነካው እጅ ይነካል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ። የኃይል ባትሪው ሲደክም አውጥተን ሌላ እንገዛለን። ያ ባትሪ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ይገኛል።

መልእክት መጻፍ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ፣ ተመልሶ የመጣው የ2000 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ! ስለዚህ በሚስኮል መነጋገር ተማርን። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ «ደርሻለሁ» ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን «ስብሰባ አለ»፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሰው ታሟል። ገንዘብ ያዣችን እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ጊዜ ስትጠራ የማትነሳ ሴት በመካከላችን የለችም። መልእክቱ ከተመለሰ በኋላም በአማርኛ ፊደል መላክ ቀላል አልነበረም። የእኛ ፊደል ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ቀፎዎቹ ፊደሉን በውስጣቸው ስላልያዙ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳዩ ነበር። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የለመድነው ያኔ ነው። ለተማሩት ልጆቻችን ቀልድ ነበር። በፋኖስ ፊደል ለቆጠሩት እማማ ግን ዳግመኛ ማንበብ እንደማይችል ሰው መቆጠር ነበር፤ ዳግመኛም የጎረቤት ልጅ ይጠሩ ጀመር።

ይህን የለወጠልን ከቻይና የመጣው ቴክኖ ነው ብንል አንዋሽም። ቴክኖንና አይቴልን የሚሠራው ትራንሽን የተባለ ኩባንያ ከመነሻው ዓይኑን የጣለው አፍሪካ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ ሀገራችን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ፤ አማርኛ የሚጽፉና የሚያሳዩ ቀፎዎችንም ለገበያ አቀረበ። ሁለት ሲም መያዛቸውም ሌላው ስማቸው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቀናል፣ ያስቃልም። በጎረቤት ሀገሮች ሰው ሁለት ሲም የሚፈልገው የተለያዩ ኩባንያዎችን ዋጋ ለማማረጥ ነው። እኛ ዘንድ ኩባንያው አንድ ብቻ ነበር! እና ሁለተኛውን ቀዳዳ ለምን ፈለግነው? ሴቶቹን ስንጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፦ አንዱ ቁጥር የቤት፣ አንዱ የሥራ። ነጋዴዋ አባላችን «ባሌ የሚያውቀውና የማያውቀው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ቀዳዳው የታሰበለትን ሥራ ያገኘው ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ነው።

በዚህ መካከል በሩቁ ዓለም ትልቅ ፍልሚያ ተካሂዶ ነበር፤ እኛ ትርፍራፊው ሲደርሰን ነው ያወቅነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አፕል አይፎንን አወጣ፤ በ2008 የጉግልን አንድሮይድ የያዘ የመጀመሪያው ስልክ ተሸጠ። ኖኪያ ዘግይቶ ነቃ፤ በ2011 ከማይክሮሶፍት ጋር ተጣመረ፤ በ2014 የቀፎ ሥራውን ለዚያው ለማይክሮሶፍት አስረከበ። ያ የማይሰበረው ባለ ባትሪው ቀፎ የነበረው ኩባንያ በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚሞትበት ምክንያትም ተለወጠ። ድሮ ስልክ የሚሞተው ወድቆ ወይም ውኃ ጠጥቶ ነበር። አሁን ጤነኛ ሆኖ ይሞታል። ጥቅምት 2016 ላይ ዋትስአፕ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ ቀፎዎች መሥራት አቆመ። አንዷ እኅታችን መስታወቱ እንኳ ያልተጫረ ስልኳን ይዛ መጥታ «ልጄ ከሪያድ ጠፋችብኝ» ብላ አለቀሰች። ልጅቷ አልጠፋችም፤ ቀፎው ነው ያረጀው። በወቅቱ ይህን የሚያስረዳት ሰው ማግኘቷ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ወደ አራቱ ስብሰባዎች እንመለስ።

መጀመሪያ ያደረግነው ሱቅ ከመሄድ በፊት ስልኩ ምን እንዲሠራልን እንደምንፈልግ መጻፍ ነው። ይህን ያለችው ትንሿ አባላችን ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ሦስት ዓይነት ሥራ ተቀላቅሎ አገኘን። አንዱ የማኅበሩ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ቴሌብር ነው፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ቁጠባችን በጥሬ ገንዘብ ሣጥን ውስጥ ብቻ አያድርም። ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ በይፋ የማኅበሩ ሥራ ባይሆንም፣ የራሳቸው ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች በስብሰባ ቀን ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ዱባይ በዋትስአፕ ድምፅ መደወል ስለማይቻል እዚያ ያሉት ልጆች ቦቲም ይጠቀማሉ፤ ሪያድና ቤይሩት ያሉት ኢሞ ወይም ዋትስአፕ፤ እዚህ ያለነው ደግሞ ቴሌግራም። አራቱንም የሚሸከም ቀፎ በቂ ሜሞሪ ይፈልጋል። ሻጩም «ሜሞሪው ትልቅ ነው» ይላል፤ የትኛው ሜሞሪ? ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበት ስቶሬጅ አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንደሚችል የሚወስነው ራም ሌላ ነገር ነው። ስቶሬጁ 64 ጊጋ ሆኖ ራሙ 2 ብቻ ከሆነ፣ ቤቱ ሰፊ ሆኖ ምድጃው አንድ ብቻ እንደሆነ ቁጠሩት።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ተጣላን። ግማሾቻችን አዲስ፣ ርካሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ይገዛ አልን፤ ግማሾቻችን ከዓረብ ሀገር የመጣ ያገለገለ ሳምሰንግ። የሁለተኞቹ ክርክር ጠንካራ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ውድ የነበረ ቀፎ ዛሬ ከወጣው ርካሽ ቀፎ ይፈጥናል፣ ካሜራውም የደብተር ገጽ ጥርት አድርጎ ያነሳል። እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ መልስ ደግሞ ይህ ነበር፦ ያገለገለ ቀፎ ያገለገለ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ እንደ ድሮው አውጥተን የምንቀይረው አይደለም፣ ጀርባው በማጣበቂያ የታሸገ ነው። መስታወቱ ቢሰበር የአዲሱ ቴክኖ መለዋወጫ እዚሁ ከተማችን ይገኛል፤ የሌላው ከመርካቶ ታዝዞ ነው። ዋጋውም ቢሆን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በየወሩ ሌላ ነበር። ድሮ በአንድ በግ ዋጋ የምንገዛው ቀፎ ሁለት በግ ሆነ፤ ባዘገየን ቁጥር በጉ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ደጋፊዎቻችንን የሚመለከት ነገር አለ፤ በፍቅር አንብቡልን። ነገሩን የሰማች አንዲት አሜሪካ የምትኖር ወዳጃችን የራሷን አይፎን በሰው ላከችልን። ስጦታው ዓይናችንን እንባ አስሞላ። ሲም ስናስገባበት ግን ኔትወርክ አልያዘም፤ እዚያ ላለ አንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ነበር። ከዚያም በላይ የወዳጃችን አካውንት ውስጡ ስላልወጣ፣ እንደ አዲስ እንክፈተው ስንል የእሷን የይለፍ ቃል ጠየቀን። ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አይፎኖች ላይ አለ፤ ለሌባ የተሠራ ነው፣ እኛንም እንደ ሌባ ቆጠረን። ስለዚህ ስልክ ልትልኩልን ካሰባችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ከኩባንያው አስከፍቱት፣ ከአካውንታችሁም ውጡበት፤ ገመዱንም አብራችሁ ላኩ። ከሁለቱ ነጻ የሆነ አይፎን ግን የሚናቅ አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይፎን 7 በ2022 አዲሱ የስልኩ ሥርዓት እስኪያልፈው ድረስ ስድስት ዓመት ያህል ታድሷል፤ ብዙ ርካሽ አንድሮይዶች ይህን ያህል አይታደሱም። ይህን የምንጽፈው በስብሰባው ላይ «የአይፎን ነገር ለጉራ ነው» ያልን ሰዎች ስለነበርን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበርንም።

ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ክርክሩን የፈቱት እማማ ናቸው። ሁላችንም ስንጯጯህ ቆይተን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ገንዘቡና ወሬው ለምን አንድ ቤት ያድራሉ?» አሉ። ዝም አልን። ቴሌብር እኮ ተች ስልክ አይፈልግም፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በማንኛውም ባለቁልፍ ቀፎ ይሠራል። ማንም ልጅ ጌም የማይጭንበት፣ የማይታወቅ ሊንክ የማይከፈትበት፣ ቻርጁ ቀናትን የሚቆይ ትንሽ ቀፎ። ስለዚህ ሁለት ስልክ ለመግዛት ወሰንን፦ የማኅበሩ ሲም የሚገባበት ባለቁልፍ ቀፎ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሣጥኑ ቁልፍ አንዷ ጋ፣ የምሥጢር ቁጥሩ ሌላዋ ጋ ነው። መዝገቡና የልጆቻችን ድምፅ ደግሞ በተቹ።

ተቹን የመረጥነው በእጅ ማውጣት ነው፤ አዲሱ ቴክኖ 14 ለ10 አሸነፈ፣ ራሙ 4 የሆነው። አሥሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ካሜራው በማታ ያነሳው ገጽ በደበዘዘ ቁጥር «ሳምሰንግ ቢሆን ኖሮ» የምትል አታጣም፤ ልክም ናት። ሊገዙ የሄዱት ሦስቱ አባሎቻችን ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውለው፣ የመጣውን 15 አሃዝ ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አልገጠመም። ሻጩ «ያው ነው እኮ እኅቶቼ፣ ካርቶን ተቀያይሮብኝ ነው» አለ፤ እነሱም «ካርቶኑን ስታገኘው እንመጣለን» ብለው ወጡ። ሁለተኛው ሱቅ ላይ ገጠመ፤ የዋስትና ወረቀቱን ማኅተም አስመትተው ተቀበሉ።

የወረቀቱንም ደብተር መለስነው። በየስብሰባው መጨረሻ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ይፈርምበታል፣ ከዚያ ገጹ ፎቶ ተነስቶ ወደ ማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ይላካል። አንዱ ቢረጥብ ሌላው አለ።

የቀረው ቁጥሮቹን ማዛወር ነበር። ከሞተው ስልክ የተረፈው ሲም ካርዱ ብቻ ነው፤ እሱም የያዘው ባለ ባትሪው ዘመን የተመዘገቡትን ስሞች ነበር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቦታ ስለማይበቃ ተቆርጠው። «የአስቴ እና» ማን ናት? «ወተ ቁ 2»ስ? ጸሐፊያችን አንድ በአንድ እየደወለች ስትጠይቅ አመሸች። ከዚያ ሁሉንም በአማርኛ ፊደል እንደገና ጻፈቻቸው። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው፣ መስታወቱን በጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ፣ የ24ታችንን ስም ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። የራሳቸው ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ሐመሩ ሐ ነው፣ ሃሌታው ሀ አይደለም፤ አስተካክይው» አሏት።